ሁለተኛ ሰው

«ሁለተኛ ሰው ስጪኝ» ትለኛለች ኦዲያ፣ ዐይኗን ከኮምፒውተሩ ሳትነቅል። «አንቺ ስልክ ካልመለስሽ መልእክቱ የሚሄድለት ሰው።»

አንቺ ትለኛለች! በዕድሜ የልጅ ልጄ ትሆናለች እኮ። እናቷ ብትሰማት በቆነጠጠቻት። ግን በዚህ በክርያት ሐይም ክሊኒክ አማርኛ የምትችል ጸሐፊ እሷ ብቻ ናት፤ ምን አደርጋለሁ፣ ቻልሁት።

የመጣሁት ለዐይኔ ነው። ግራው ከጠፋ ቆየ፤ ቀኙንም ሞራ እየጋረደው ነው። ለቀዶ ሕክምናው ቶር፣ ቀጠሮን በዕብራይስጥ እንዲያ ነው የሚሉት፣ ይዘውልኝ፣ ስምንት ወር ጠብቄ አመለጠኝ። ኦዲያ እንደምትለው መጀመሪያ ጽሑፍ ልከውልኝ ነበር፤ ማን ያነበዋል? ቀጥሎ ማሽን በአማርኛ ደወለልኝ። እኔ የሰው ልጅ መስላኝ «እንደምን ዋልሽ ልጄ፣ ቤተሰቡ ሁሉ ደህና?» እያልሁ ስጠይቃት፣ ቁልፍ ሳልጫን ጊዜው አለቀና ዘጋችብኝ። ምን ያለች ባለጌ ናት እያልሁ ሳምንቱን ሙሉ ስሰድባት ከረምሁ።

«ማሽን እኮ ናት እማማ» አለች ኦዲያ እየሳቀች። «አሁን ሦስተኛ መንገድ ጨምረውበታል። መጀመሪያ ጽሑፍ፣ ከዚያ ጥሪ። አንድ ቁጥርን ካልተጫንሽ ወደ ሁለተኛው ሰው ይሄዳል፤ እሱ ይነግርሻል። እሱም ካልመለሰ ቶሩ ለሌላ ሰው ይሰጣል። ቤሰደር፣ እሺ?»

«ቤሰደር።»

«ታዲያ ማንን ልጻፍ? ባልሽን?»

«ደረሰ ከሞተ ሁለት ዓመቱ።»

«ጎረቤትስ?»

«ጎረቤቴ ሩስያዊት ናት። ራሳችንን እየነቀነቅን እንተላለፋለን እንጂ ቃል ተለዋውጠን አናውቅም።»

«ልጅ የለሽም?»

አለኝ እንጂ። ጌድዮን እዚሁ ቅርብ፣ ነሸር የሚባል ከተማ ነው፣ ብቻውን ይኖራል፤ በአውቶቡስ አንድ ሰዓት አይሞላም። ሁለት ዓመት ግን ደጄን አልረገጠም። ስደውልለትም አያነሣም።

ደረሰ የሞተው ዓርብ ጠዋት ነው። እዚህ አገር ሬሳ አይቆይም፤ ሰንበት ሳይገባ መቀበር አለበት። ዘመዶች ለልጁ ሊደውሉ ስልካቸውን ሲያወጡ የጮህሁባቸው እኔ ነኝ። «መርዶ በስልክ? ልጄን በቆመበት ልትጥሉት ነው? ማንም እንዳይደውልለት!» አልሁ። እንደ ደንባችን ሁለት ሽማግሌ ላክሁ፤ ቤቱ ገብተው፣ አስቀምጠው፣ በወጉ እንዲያረዱት። እሱ ለካ ለተጨማሪ ሥራ ተጠርቶ ገና ሳይነጋ ወደ ወደቡ ሄዷል። ሽማግሌዎቹ ደጁ ላይ ቁጭ ብለው ጠበቁት። እሱ ሲመለስ አባቱ አፈር ለብሷል።

«ስልኩ እጅሽ ላይ ነበር እናቴ» ነው ያለኝ። ሌላ አልጨመረም። እውነቱን ነው፤ እጄ ላይ ነበር። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ቁጥሩን በቃሌ ነገርኋት። ኦዲያ መታ መታ አደረገችው።

«አሁን ጥሪው ይደርሰዋል። የእናትህን መልእክት ትቀበላለህ ወይ ብሎ ይጠይቀዋል፤ ከተስማማ አንድን ይጫናል።»

«አይሆንም ቢልስ?»

«ለምን አይሆንም ይላል? እናቱ አይደለሽ?»

ወንበሩን ጨብጬ ተቀመጥሁ። ከኋላዬ ተራ የሚጠብቀው ሰውዬ ይስላል። እግዜር ያሳያችሁ፣ ምጥ እንኳ እንዲህ አላስጨነቀኝም።

ኮምፒውተሩ ጢው አለ። «ተስማማ!»

«ምን አለ?»

«አንድን ተጫነ።»

«ሌላስ? እንዴት ናት አላለም?»

«እማማ፣ ከአንድ ሌላ የሚጫነው ነገር የለም።»

አንድ። ከልጄ በሁለት ዓመት ያገኘሁት እሷኑ ነው፤ እሷም ታስለቅሳለች። ፊቴን በመዳፌ ጠረግሁ። ኦዲያ ዐይኔ የታመመ መስሏት ሶፍት አቀበለችኝ።

«ዕድለኛ ነሽ፣ ለእሑድ ቶር ተገኝቷል» አለች። «የማረጋገጫው ጥሪ አሁን ይመጣልሻል። ከዚህ ሆኜ እኔ ላረጋግጥልሽ አልችልም፣ ከስልክ ብቻ ነው የሚቀበለው። ሰላምታ የለም፣ ቤተሰብ መጠየቅ የለም፤ አንድን መጫን ብቻ።»

«ካልተጫንሁስ?»

«ወደ ልጅሽ ይሄዳል አልሁሽ። እሱ ደውሎ ይነግርሻል።»

«ደውሎ? በራሱ አፍ?»

«በማን አፍ ታዲያ?»

ስልኩ ጉልበቴ ላይ ጮኸ። አነሣሁት። ማሽኗ ጥርት ባለ አማርኛ የእሑዱን ቀጠሮ ነገረችኝና «ለማረጋገጥ አንድን ይጫኑ» አለች። ኦዲያ በጠረጴዛው ላይ ተንጠራርታ በጣቷ ታሳየኛለች። «ይቺ፣ ከላይ በግራ በኩል፣ ተጫኚ!» ቁልፏ የት እንዳለች አሳምሬ አውቃለሁ። አውራ ጣቴን አጥፌ ጨበጥሁት። ማሽኗ ደግማ ነገረችኝ። ትንሽ ቆየችና ዘጋች።

«አልተጫንሽም እኮ! አሁን እሱ ካልመለሰ ቶርሽ ሄደ፣ ገባሽ?»

«ገብቶኛል ልጄ።»

ኦዲያ ትክ ብላ አየችኝ። ከዚያ ተነፈሰችና ቀጣዩን ተራ ጠራች። ለሚያስለው ሰውዬ ወንበሩን ለቀቅሁለት፤ በሩ አጠገብ ካለው ወንበር ሄጄ ስልኩን በሁለት እጄ ይዤ ተቀመጥሁ።