ከልኩ ያለፈው ጉርሻ

ጉርሻው ከግዛው ከንፈር ስንዝር በማይሞላ ርቀት ላይ ቆሞ ነበር። የዘረጉለት አማቱ እማማ ሠርካዲስ ናቸው፤ በቅቤ የራሰው ክትፎ እንዳይንጠባጠብ በግራ መዳፋቸው ከሥር ደግፈውታል። ግዛው ግን ድርሻውን ጨርሷል። በሚኖሩባት በአውሮራ ከተማ ያለችው ሕንዳዊት የአዩርቬዳ፣ ማለትም የጥንታዊው የሕንድ ሕክምና፣ ሐኪም፣ «በአንድ ማዕድ ሁለት እፍኝህ ይበቃሃል፤ የሆድህን ሲሶ ምግቡን ለሚፈጨው የውስጥ እሳት ባዶውን ተውለት» ብላው ነበር። ምክሯን መከተል ከጀመረ ወዲህ፣ በሚሠራበት አየር ማረፊያ ውስጥ የመንገደኞችን ዊልቸር ሲገፋ በገዛ ክብደቱ ይንቋቋ የነበረው ጉልበቱ ጥቂት ፋታ አግኝቷል።

«እማማ፣ ልኬ ሞልቷል» አለ።

«ሴትዮዋ የከለከለችህ ምግብ ነው» አሉ አማቱ በፍጹም እርጋታ። «ይህ ጉርሻ ነው።»

ሚስቱ ሳቋን በመዳፏ አፈነች። «ባለፈው እሑድም ምግብ ያልሆነውን ሲውጥ አመሸ።»

የተዘረጋው እጅ አልታጠፈም። እምቢ ማለት የእኚህን ሴት ፍቅር መግፋት ነበር፤ እሺ ማለት ደግሞ ጉልበቱን መክዳት። ግዛው ከወንበሩ ተነሣ፤ ጉርሻውን ከጣቶቻቸው በሁለት እጁ በአክብሮት ተቀበለና ወደ ራሳቸው አፍ መለሰው።

«እኛ ስንበላ እርስዎ ቆመው ነው ያመሹት። በሞቴ፣ እማማ።»

በሞቴ ከተባለ በኋላ ማምለጫ አልነበረም። እማማ ሠርካዲስ ጎረሱ፤ ዐይናቸውን ጨፍነው ረጅም ጊዜ አላመጡ። ከዚያ ወንበር ስበው ተቀመጡና ትሪውን ወደ ራሳቸው አስጠጉ።

«እንዲህ ጣፍጦ ኖሯል እንዴ?» አሉ። «በል፣ ድገመኝ።»