ትልቁን ነው

ሻጩ የትልቁን ቴሌቪዥን ድምፅ እያወደሰ ነው። ወንድሟ ግን ትንሹን ሙጥኝ ብሏል። «እህት ዓለም፣ ዜና ለማየት ይሄ መች አነሰሽ? በልዩነቱ እኮ ፍሪጅ ይገዛል!» ብሎ እጁን አወናጨፈባት።

እሷ በእልህ ራሷን ወዘወዘች። ጥልፍ ጠልፋ ያገኘችው ብር ነው፤ ማንም አያዝበትም። ወንድሟን ገፋ አድርጋ አለፈችና ትልቁ ፊት ተገተረች።

ዜና ተጀመረ። አንባቢውን ከቁብም ሳትቆጥረው፣ ከታች ጥጉ ላይ በትንሽ ሳጥን ውስጥ ወደቆመችው ሴት ተጠጋች። በቤቷ አሮጌ ቴሌቪዥን የዚህች ሴት ጣቶች እየተምታቱባት ግማሹን ዜና በግምት ነበር የምትጨርሰው። አሁን እያንዳንዱ ጣት ለየብቻው ጥርት ብሎ ታየ።

ሴትዮዋ በምልክት «እንደምን ዋላችሁ» አለች። እሷም በሁለት እጇ አጸፋውን መለሰች።

ሻጩ ስለ ድምፁ የጀመረውን ወሬ ዋጠ።