በእኛ አፍ ይጠይቀኝ

ሽማግሌ ሲላክ ጠያቂው ልጅ ቤቱ ይቀራል፤ ወጉ እንዲህ ነው። የአስካለ እናት ግን ሽማግሌዎቹን በር ላይ አስቁማ፣ «ልጁ ራሱ ይምጣና በእኛ በጎጃሞች አፍ ይጠይቀኝ። የቴሌቪዥን ወሬ ቤቴ አላስገባም!» አለች። የአዲስ አበባ አነጋገር ጎረቤቱን ሁሉ ወስዶባታል፤ እንግዲህ አማቿንም አትሰጠውም።

አስካለ ብታለቅስ፣ ብትለማመጥ፣ እናት ንቅንቅ አላለችም።

ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌዎቹ ልጁን አስከትለው ተመለሱ። ልጁ ጎንበስ ብሎ ጉልበቷን ሳመ።

«እስቲ ተናገር፣ ከተሜው» አለችው።

ጉሮሮውን ጠረገና ድምፁን ከፍ አደረገ። «ያ ቀልማዳ ነው ልጄን የሚያገባት? እንኳን ሚስት ሊያስተዳድር፣ ዶሮ እሽ ማለት የማያውቅ! እኔ በቁሜ? ወግድልኝ!»

ሽማግሌዎቹ ሳቃቸውን በጋቢያቸው አፈኑ። የአነጋገሩ ጉተታ፣ ቁጣው፣ መጨረሻ ላይ ምራቅ መዋጡ እንኳ ሳይቀር የእናት የራሷ ነበር።

«ማነው ያስተማረህ?»

«እርስዎ ነዎት፣ እማማ። አስካለ ድምፅዎን በስልክ እየቀዳች ስትልክልኝ ከረመች።»

እናት ልጇን አየች። አስካለ መሬት መሬቱን ታያለች።

«ግቡ እንጂ፣ ምን ይገትራችኋል?» አለች እናት ለሽማግሌዎቹ። «ያቺን ደጃፉ ላይ የምትጭረውን ዶሮ ግን እሱ እሽ ይበልልኝ።»