ያልደረሰ ዱቄት

ፔምቤሌ የራሰውን የካሳቫ ዱቄት ሰሌን ላይ በመዳፏ እያሳሳች ስታሰጣ፣ የባሏ እናት ማማ ማኬንጎ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ እያለ ከጓሮ ብቅ አሉ።

«ጉድሽ ፈላ! አጎትሽ ማያላ ወንዙን ተሻግረው እየመጡ ነው። ማን ጠራቸው?»

«እኔ ነኝ የጠራኋቸው፣ እማማ። ከቀትር በኋላ ይምጡ ብያቸው ነበር። ቸኮሉ።»

«በይ የሉኩ ገንፎውን አገንፊያ!»

«ዱቄቱ አልደረሰም።»

በዋምባ ወንዝ ዳር የእናት ወንድም እንዲህ እንደዋዛ የሚታይ ሰው አይደለም። ሲመርቅ ያስወልዳል፣ ሲረግም እግር ያስራል ይባላል። በድርቁ ዓመት የፔምቤሌ ልጅ ሉዞሎ ማታ ደህና ተኝታ ጠዋት እግሮቿ አልታዘዝ ሲሏት፣ ጣት ሁሉ የተቀሰረው በእናቷ አጎት በታታ ማያላ ላይ ነበር። ከዚያ በፊት ከአንድ ለቅሶ ቤት ተቆጥተው ሲወጡ የታዩ ናቸውና ምስክር አልጠፋም። ከዚያ ወዲህ ሰው ሰላምታቸውን ይቀበላል እንጂ እቤቴ ይግቡ አይላቸውም። እንዲህ ያለ ሰው ለምሳ ሲጠራ ቢቸኩል አይፈረድበትም።

ሽማግሌው ደረሱ። ሸሚዛቸው ታጥቦ እስከ አንገታቸው ተቆልፏል። ፔምቤሌ ትንሹን ልጇን በጀርባዋ እንዳዘለች ተንበርክካ፣ እንደ ወጉ እጇን አጨብጭባ ተቀበለቻቸውና ከቤቱ ጥላ ሥር አስቀመጠቻቸው።

«የእህቴ ልጅ፣ እህል ሳልቀምስ ነው የወጣሁት» አሉ እየሣቁ። «ጠርተሽ አታስርቢኝም መቼስ።»

«ላስርብዎት ነው፣ አጎቴ። ትንሽ ይታገሡኝ።»

ማማ ማኬንጎ ራሳቸውን ያዙ። ምራታቸውን በክንዷ ጎትተው ጆሮዋ ሥር ገቡ። «ከጆንያው ደረቁን ዝገኚና ለእሳቸው ብቻ አገንፊላቸው! አንድ ቀን ቢበሉት ምን ይሆናሉ? ወይስ ይሄንንም ያዘልሽውን እግሩን እንዲያስሩብሽ አምሮሻል?»

ፔምቤሌ ድምጿን አልቀነሰችም። «ለልጄ የማላበላውን ለአጎቴ አላበላም።»

የታታ ማያላ ፊት ጠቆረ። «ምንድነው ሹክሹክታው? ይሄን ያህል ዘመን ስኖር ዱቄት ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ሰው ሲጠብቀው አላየሁም። እንደ ሌላው ሰው እጄን ገበታሽ ላይ ማየት ፈርተሽ ከሆነ ንገሪኝና ልሂድ።»

«እሱን ብፈራማ እጠራዎት ነበር? ይቀመጡ እንጂ! ይሄ መራራው ካሳቫ ነው፣ ውስጡ መርዝ አለ። አርሰን፣ አሳስተን ፀሐይ ላይ ስናቆየው መርዙ ተንኖ ይሄድለታል። ያን ጊዜ ቢጠግቡበትም አይጎዳም። ካልጠበቁት ግን እግር ያስራል።»

ይህን ያለችው አጥር ማዶ የሚወቅጡት ጎረቤቶቿ ጭምር እንዲሰሙ ነው። ሰሙም፤ የዘነዘናው ድምፅ ቀጥ አለ።

«እግር ያስራል» አሉ ታታ ማያላ ቀስ ብለው። «ማ? ዱቄቱ?»

«ዱቄቱ። የጤና ጣቢያዋ ሴት ስታስረዳን ነው የገባኝ። እናቶቻችን ሥሩን ብዙ ሌሊት ውኃ ውስጥ ያቆዩት የነበረው ወደው አይደለም። በድርቁ ዓመት ግን ርቦናል፣ ካሳቫውን የሚገዛን የነጋዴ መኪናም አይጠብቅም፤ አንድ ሌሊት ብቻ አሳድሬ አወጣሁት። ባቄላ የለ፣ ዓሣ የለ፣ ሉዞሎን ጠዋትም ማታም እሱኑ ብቻ አበላኋት። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይላሉ። እኔ ያፈሰስኩት አይለቀምም። እርስዎ አይደሉም፣ አጎቴ። በእጄ ያጎረስኳት እኔ ነኝ።»

አንገቷን ሳትደፋ ነው የተናገረችው። ያቃጥላታል፤ ስንት ጊዜ ብቻዋን አልቅሳበታለች። ግን የራሷን ዕዳ ሽማግሌ ተሸክሞላት መኖሩ የባሰ ያሳፍራታል። ከእንግዲህ ደግሞ በዚህ ግቢ ንጉሥም ቢመጣ፣ ያልደረሰ ዱቄት ድስት ውስጥ እንደማይገባ ታውቃለች።

ማማ ማኬንጎ ያገኙት ነገር ላይ ቁጭ አሉ። «እኔማ… ሰው ሲል ሰምቼ ነው» አሉ ለማንም ሳይሆን። መጀመሪያ ያወሩት እሳቸው መሆናቸውን መንደሩ ሁሉ ያውቃል።

«ተቆጥቼ ነበር» አሉ ታታ ማያላ። «ያን ዕለት በጣም ተቆጥቼ ነበር፣ ፔምቤሌ። ሰው ሁሉ ሲለኝ እኔም አመንኩት። ቁጣዬ ነው እግሯን የያዘው ብዬ፣ ‘ልጅቷን ልቀቃት’ እያልኩ የገዛ ልቤን ስማጸን ነው የኖርኩት።»

ፔምቤሌ ይህን አልጠበቀችም። እንባዋ መጣ፤ አልደበቀችውም። «አልያዟትም፣ አጎቴ። ልብዎን ይተዉት፣ ይረፍ» ብላ ባቄላው ወደተጣደበት ምድጃ ሄደች።

በዚህ መካከል ሉዞሎ በትሯን ተደግፋ፣ ጉልበቶቿ እየተፋተጉ፣ በእግር ጣቶቿ እየረገጠች ከቤት ወጣች። አያቷ ከዚህ ሰው ዓይን ሲሸሽጓት ነው የኖሩት። ዛሬ የከለከላት የለም። የማንጎው ዛፍ ጥላ ወደ ሰሌኑ ጠርዝ መጠጋቱን አየችና፣ የመንደሩ ልጆች ወንድ አያታቸውን በሚጠሩበት ስም ሽማግሌውን ጠራቻቸው።

«ኮኮ! ዝም ብለህ ትቀመጣለህ እንዴ? ጥላ ሊመጣበት ነው። ያንን ጫፍ ያዝልኝ።»

ታታ ማያላ ዙሪያቸውን ቃኙ፤ ሌላ ኮኮ አልነበረም። ተነሱና ጎንበስ ብለው የሰሌኑን ጫፍ በሁለት እጃቸው ያዙ። ሉዞሎ በአንድ እጇ በትሯን፣ በሌላው ያኛውን ጫፍ ጨበጠች። እሷ አንድ ስትራመድ እሳቸው አንድ ወደኋላ እያሉ፣ ዓይናቸውን ከእግሮቿ ሳይነቅሉ፣ ዱቄቱን ወደ ፀሐይ ይዘውት ሄዱ።