ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሚለቀቅ ስም

ሰፈሩ «ስፖንጅ» እያለ የሚጠራው ሶፋ ሠሪ ማክሰኞ ጠዋት ጢሙን ተላጨ፣ ለሠርግ የሚለብሰውን ሸሚዝ ለበሰና ጠላቱን ምሳ ሊጋብዝ ወጣ።

ጠላቱ ሩቅ አይደለም። ከመንገዱ ማዶ፣ ልክ ፊት ለፊት፣ እሱም ሶፋ ይሠራል። ቃል ስለማያባክን «ቁጥቡ» ይሉታል። ደንበኛ ዋጋ ሲጠይቀው ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት በጣቱ ያሳያል እንጂ አፉን አይከፍትም። ስፖንጅ ደግሞ የሚያወራው ቢያጣ ከመርፌው ጋር የሚያወራ ሰው ነው። ሁለቱ ከእግዜር ሰላምታ ያለፈ ነገር ተነጋግረው አያውቁም።

የኩርፊያው መነሻ ስም ነው። ከሦስት ዓመት በፊት አንድ የኮምፒውተር ባለሙያ ላፕቶፑን ታቅፎ መጣና ድረ ገጽ የሌለው ሱቅ በር እንደሌለው ቤት ነው ብሎ ሰበካቸው። መጀመሪያ የገባው ስፖንጅ ዘንድ ነበር። ስፖንጅ ጨርቅ እየቆረጠ ስለነበር «ቆይ፣ ይቺን ልጨርስ» አለው። ባለሙያው መቆየት ስላልወደደ መንገዱን ተሻግሮ ቁጥቡን መዘገበና ተመለሰ። ስፖንጅ የተመኘው «ምቹ ሶፋ» የሚለው ስም በዚያች ደቂቃ አመለጠው። ለእሱ የደረሰው «ድሎት ሶፋ» ሆነ።

ባለሙያው ሥራውን በአንድ ከሰዓት አጠናቆ፣ ምክሩንም ሰጥቶ ሄደ። የድረ ገጽ ስም ይከራዩታል እንጂ አይገዙትም። ሦስት ዓመት ሲሞላ ያላሳደሰ ሰው ስሙ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይለቀቃል፤ ቀድሞ የደረሰም ይወስደዋል። ማስታወሻ በኢሜይል ይመጣል አለ። ኢሜይሉን ማን ይክፈተው?

ዛሬ ከአሥር ደንበኛ ስምንቱ የሚመጣው በስልኩ ፎቶ አይቶ ነው። ድረ ገጹ የጠፋበት ሶፋ ቤት በሩን ቢዘጋ ይሻለዋል። ስፖንጅ ልጆቹን የሚያስተምረው በዚሁ ነው፤ ቁጥቡም ኑሮው የተንጠለጠለው በዚሁ ነው። ስፖንጅን እንቅልፍ የነሳው ይኸው ሐሳብ ነበር።

የማንኛውም ስም ባለቤት ማን እንደሆነና ቀኑ መቼ እንደሚያልቅ ማንም ሰው ገብቶ የሚያይበት ገጽ እንዳለ የሰማው ከወር በፊት ነው። ወዲያው «ምቹ ሶፋ» ብሎ ጻፈ። የፊታችን ማክሰኞ አይደለም፣ የሚቀጥለውም አይደለም፤ አራተኛው ማክሰኞ ይላል። ከዚያ ወዲህ ፊቱን ሳይታጠብ የሚከፍተው ያንን ገጽ ሆነ። ቀኑ አልተቀየረም። ቁጥቡ አላሳደሰም።

ሚስቱ መጀመሪያ ላይ አልወደደችውም። የሰው ጉሮሮ መዝጋት ጥሩ አይደለም አለችው።

«ሰውዬው እኮ ሥራውን አልያዘም» አላት። «ወሩን ሙሉ በመስታወቱ እኛ ሱቅ ላይ እያፈጠጠ ነው የሚውለው። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች አሉ።»

ሳቀች። ስትስቅ ደግሞ መስማማቷ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ሲል እሷ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጣ ስሙን ልትይዝ፣ እሱ ደግሞ ቁጥቡ ድንገት ትዝ ብሎት እንዳያሳድስ በምሳ ሊያቆየው ተማከሩ።

ስፖንጅ የፈራው ግብዣውን እንቢ እንዳይባል ነበር። ቁጥቡን ግን ጃኬቱን እንደለበሰ በር ላይ ቆሞ አገኘው። አንዴም ሳያስለምን ተከተለው።

ምግብ ቤቱ ጥግ ላይ ተቀመጡ። ስልክ የጨዋታ ጠላት ነውና ሁለታችንም ድምፁን አጥፍተን ጠረጴዛው ላይ እንድፋው ሲል ስፖንጅ ሐሳብ አቀረበ። ቁጥቡ ንግግሩን እንኳ ሳያስጨርሰው ስልኩን ደፋ።

ከሾርባው በኋላ ያልታሰበ ነገር ሆነ። ቁጥቡ ማውራት ጀመረ። ስለ ጨርቅ አወራ፣ ስለ ሙጫ አወራ፣ የወንበር እግር ለምን እንደሚወላገድ ለማስረዳት ሹካዎቹን ሁሉ አሰለፈ። አማቱ ተቀምጠው የሰበሩትን ሶፋ ታሪክ ሲያመጣማ ስፖንጅ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ስምንት ሰዓት ላይ ስፖንጅ ሻይ አዘዘ፤ ቁጥቡ ኬክ አስጨመረ። ስፖንጅ ሁለተኛ ሻይ ሲያዝ ቁጥቡ ሁለተኛ ኬክ አዘዘ። ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ ሲሆን ስፖንጅ መጸዳጃ ቤት ደርሶ ለመምጣት ብድግ አለ። ቁጥቡ እጁን ያዘው።

«ይቺን ሳልጨርስልህማ አትሄድም» አለው።

ስፖንጅ ጥርሱን ነክሶ ተቀመጠ። በሆዱ ግን በራሱ ኮራ፤ ድንጋይን ማናገር ይቀራል እንጂ እሱ የማያጫውተው ሰው የለም። ደግሞም አዘነ። እንዲህ ያለ ጨዋታ አዋቂ ፊት ለፊቱ እያለ ሦስት ዓመት መኮራረፉ ቆጨው። ቁጭቱ የግድግዳው ሰዓት ዘጠኝ እስኪል ድረስ ቆየ።

ዘጠኝ ከአምስት ላይ ስልኩን ገልበጥ አድርጎ አየ። ሚስቱ አንድ ቃል ብቻ ልካለታለች፦ «ያዝኩት።»

ደስታው ፊቱ ላይ እንዳይታይበት አፉን በመሐረብ ጠራርጎ ስልኩን ኪሱ ከተተ። ሰው ስሙን ባጣበት ቀን ምሳም ማስከፈል ይከብዳል። ሂሳቡን ልክፈል ብሎ ተነሳ።

ቁጥቡ በአንድ እጁ ከለከለው። በሌላው እጁ የራሱን ስልክ አንስቶ አየና ገንዘቡን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ምሳውን እንኳ እኔ ልክፈልልህ» አለ፤ «ስምህን ሚስቴ ይዛዋለች።»