ለእናኑ የተቀዳ ድምፅ

በሱዳን ባሱንዳ ካለች ትንሽ ክሊኒክ ውስጥ የጄኔሬተሩ ጩኸት የሰሊጥ አጫጁን የምስጋናውን ድምፅ ዋጠው። ለሚስቱ መልእክት ልትቀርጽለት የመጣችው የሠርግ ቪዲዮ ቀራጯ ዙፋን በካሜራው ማይክ ብቻ እንደማይሰማ ሲገባት፣ የሞባይሏን መቅረጫ ከፍታ ከጋቢው ሥር ደረቱ ላይ አኖረችለት። ሰሊጥ አጫጁ በካላዛር በሽታ ከስቶ ሆዱ ተነፍቶ ነበር።

"እህት ዓለም፣ ፊቴን ብቻ ቅረጪኝ፤ ሆዴን ሚስቴ እንዳታይብኝ" አላት። ሌንሱን ቀይራ አቀረበችው። እሱም አራስ ሚስቱን እያሰበ ፈገግ አለ።

"እናኑ፣ ደህና ነኝ። ሰሊጡ ሲያልቅ እመጣለሁ።"

በቃ ብሎ በእጁ ሲጠቁማት ካሜራውን ዘጋች። ከደረቱ ላይ ያለውን ስልክ ማጥፋቱን ግን ዘነጋችው፤ ውኃ ልትቀዳለት ወጣች።

በማግስቱ ምስጋናው ዐረፈ። ዙፋን ድምፁን ከምስሉ ጋር ልታገጣጥም ማዳመጫዋን ጆሮዋ ላይ አደረገች። ምስሉ ካበቃ በኋላም ድምፁ አላቆመም። ምስጋናው የሚሰማው የሌለ መስሎት ቀስ ብሎ ያወራ ነበር።

"አልመጣም እናኑዬ፤ ይቅር በይኝ። የልጃችንን ስም አንቺው አውጪላት።"

ዙፋን ብዙ አመነታች። እመጣለሁ የሚለውን ፈገግታ ልትልክ አልደፈረችም። ምስሉን አስቀርታ ሹክሹክታውን ብቻ መተማ ላለችው ለእናኑ ላከችላት።