ሳህኑ በድልድዩ ላይ

ሻለቃ ራቶር የመዳብ ሳህኑን በሁለት እጁ አቅፎ ቁልቁለቱን ይወርዳል። ሽጉጡን ምሽግ ውስጥ ትቶታል። ከአናቱ በላይ ግን፣ ከአሸዋ ከረጢቶቹ መሀል፣ የራሱ መትረየስ ሸራው ተገፎለት የወንዙን ማዶ ያያል።

ያስገፈፈው እሱው ነው። ማለዳ ምክትሉ ሻምበል ዴሽሙክ፣ «ጌታዬ፣ አቶሚክ ቦምብ የታጠቀ ጠላት ጣፋጭ ስለ ጎረሰ አይለዝብም» ሲለው፣ «እውነትህን ነው፤ መትረየሱን ግለጠው» አለ። ወዲያው የመንደሩ አሮጊት እትዬ ኑራን ማጭዳቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው መጡ። «ልጄ፣ ሩዜ ከድንበሩ ሽቦ ውጭ እየረገፈ ነው። ጎረቤት በጠብመንጃ ይለመናል እንዴ?» ሲሉት፣ «እውነትዎን ነው» ብሎ ሳህኑን በአመድ ማሸት ጀመረ። ሻለቃው ለሁሉም እውነትህን ነው ማለት ይወዳል፤ ሚስቱን የሚያማርራት ይኸው ነው።

ሳህኑ የማዶዎቹ፣ የፓኪስታኖቹ ነው። ለኢድ ጣፋጭ ሞልተው ለሕንዶቹ ልከውት፣ ሳይመለስ ተኩስ ተከፈተና እዚህ ቀረ፤ ወታደሮቹም የጢም መላጫ ውኃ ሲያሞቁበት ከረሙ። በዚህ ሸለቆ፣ ወዲህም ሆነ ወዲያ፣ የጎረቤት ሳህን ባዶውን አይመለስም። ዛሬ ደግሞ የሕንዶቹ የመብራት በዓል፣ ዲዋሊ ነው። ሻለቃው ላዱ ሞልቶበታል፤ በቅቤ የታሸ የሽንብራ ዱቄት ድብልብል።

የእንጨት ድልድዩ መሀል ላይ ነጭ መስመር ተሰምሯል። የማዶው አዛዥ ሻለቃ ቱፋይል ፔርሙሱን እግሩ ሥር አቁሞ ይጠብቀዋል። ከበስተኋላው፣ ከጥዱ ሥር፣ የእሱም መትረየስ ሸራውን አውልቋል።

«ያ ከላይ ያፈጠጠው ዘመድህ ነው?» ይላል ቱፋይል።

«የአክስቴ ልጅ ነው። ከጥዱ ሥር ካለው ዘመድህ ጋር ሊተዋወቅ ነው የወጣው።»

«ሳህናችንን ለጥሎሽ የወሰዳችሁት መስሎን ነበር።»

«ጢም ተላጨንበት።»

«ያስታውቃል።»

ራቶር ይስቅና ወደ ጉዳዩ ይገባል። «አንድ ሳምንት ስጠኝ፤ ሴቶቹ ሩዛቸውን ይጨዱ። ያንተ ሰዎች በማጭድ ብልጭታ ደንግጠው ወደ ሰማይ የሚተኩሱትን ይተዉ።»

«ከሴቶቹ መሀል ጢም ያላት ባይ ግን ወዮልህ።»

«ከእትዬ ኑራን በቀር የለችም።»

ቱፋይል ሳቁን ሊውጥ ሲታገል ከላይ ጧ! ይላል።

ርችት ነው። ሁለቱም ያውቁታል። በበዓሉ ቀን እጁን የበላው አንድ ወታደር ከምሽጉ ጀርባ ለኩሶታል። ከጥዱ ሥር ያለው ተኳሽ ግን ይህን አያውቅም፤ መትረየሱ ሲቀባበል እስከ ድልድዩ ይሰማል። የላይኛውም ይቀባበላል።

ራቶር እጁን ለወገኖቹ ማንሳት አለበት። ሳህኑ ግን ከባድ ነው፣ በአንድ እጅ አይያዝም። ቢለቀው መዳቡ ከእንጨቱ ጋር ተላትሞ እንደ ምን እንደሚጮህ ያስባል። ቱፋይልም ይህንኑ ሳያስብ አልቀረም፤ ቀኝ እጁን ሰዶ የሳህኑን ጠርዝ ይይዝለታል።

ያኔ ሁለቱም ፊታቸውን ወደየወገናቸው መልሰው፣ ባዶ መዳፋቸውን ወደየመትረየሳቸው ያነሳሉ። «አትተኩሱ!» ብለው ይጮኻሉ፣ በአንድ ቋንቋ። ሳህኑ በነጩ መስመር ላይ፣ በመሀላቸው ተንጠልጥሏል።

ወንዙ ብቻ ይሰማል። አንድ ላዱ ከክምሩ ተንከባሎ ቱፋይል ጫማ አጠገብ ያርፋል።

«በዓላችሁ ሁልጊዜ እንዲህ ነው?» ይላል ቱፋይል።

«ያንን ልጅ ዛሬ ሽንት ቤት ሳስቆፍረው እውላለሁ።»

«ጥልቅ ይሁን።» ቱፋይል የወደቀውን ላዱ ያነሳል፣ እፍ ይልበታል፣ ይጎርሰዋል። «ቅቤ ቆጥባችኋል። ይሁን፤ አንድ ሳምንት ይጨዱ። የእኔ መትረየስ ግን ካለበት አይነሳም።»

«የእኔም አይነሳም።»

«እንዲያ ከሆነ እንተማመናለን።»

በፔርሙሱ ክዳን ተራ በተራ ሻይ ይጠጣሉ። ከዚያ ቱፋይል ሳህኑን አቅፎ ይሄዳል። ራቶር ጥቂት ተራምዶ ዞር ሲል፣ ፔርሙሱ ቆሟል፤ ያውም ከመስመሩ ወዲህ።

«ፔርሙስህን ረሳኸው!»

«አልረሳሁትም» ይላል ቱፋይል ሳይዞር። «ባዶውን እንዳትመልሰው።»

ራቶር ፔርሙሱን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ዳገቱን ይወጣል። ገና ይሞቃል። እትዬ ኑራንን ሊያበስራቸው በዓይኑ ይፈልጋቸዋል፤ ምሽጉ ደጅ ላይ የሉም። የሽቦውን በር ማን እንደከፈተላቸው እንጃ፣ ታች ሩዛቸው መሀል ገብተው፣ ለሁለቱም መትረየስ ጀርባቸውን ሰጥተው፣ የመጀመሪያውን ነዶ እያሰሩ ነው።